በቄሱ ቤት ጣሪያ ላይ ያለች ቀዳዳ

እኔና ባለቤቴ መኩሪያ አብረን ያደረግነው የመጨረሻው ተራ ነገር ጣሪያ ማየት ነበር። በረዶ ጥሎ አድሯል። ቶሮንቶ ውስጥ ዌስተን የሚባል ሰፈር ያለው አፓርታማችን አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። እሱ በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ፣ እኔ ጋቢ ተከናንቤ በረንዳ ላይ ወጣንና አንዲቱን የሩቅ ማያ መነጽር እየተቀባበልን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለውን አሮጌ ቤት አየን። ቤቱን «የቄሱ ቤት» እንለዋለን። የምናየው ጣሪያውን በሙሉ ሳይሆን በጎን ግድግዳው ላይ፣ ጫፉ አካባቢ ያለችውን አንዲት ቀዳዳ ነው።

«ፈሰሰች» አለ መኩሪያ።

«ተንጠባጠበች እንጂ የት ፈሰሰች?»

«መነጽሩን ጥረጊው እንጂ። የበረዶ ዘንግ ሠርታለች እኮ፤ ክንዴን ታክላለች።»

«ያንተ ደግሞ ክንድ ተብሎ!»

ሳቀ። መነጽሩን እንደገና ተቀበልኩትና አየሁ። እውነቱን ነው፣ ከቀዳዳዋ ሥር ረዥም የበረዶ ዘንግ ተንጠልጥሏል። ውኃው መንገዱን አግኝቷል ማለት ነው። ገብተን ሻይ ጠጣን፤ እኔ ሥራ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ፎርሙ ላይ ምክንያቱን «ትከሻ» ብዬ ሞላሁ። ውሸት አይደለም፤ ቀኝ እጄ ከጆሮዬ በላይ አልነሣም ካለ ቆይቷል። ነገር ግን መሰላሌን የሚይዝልኝ ሰው እንደሌለ የሚጻፍበት ቦታ ፎርሙ ላይ አልነበረም። ልጃችን ሜሮን «ማሚ፣ ጀስት ራይት ኢት ዳውን፣ ሁሉንም ጻፊው» አለችኝ፤ ኮምፒውተርም አመጣችልኝ። እኔ የምጽፈው በደብተር ነው፣ በቀን ግማሽ ገጽ። አንዳንድ ቀን ግማሹም አይሞላም።

ግንበኛ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አዲስ የመጡ ሰዎች ሥራዬን ጠይቀውኝ ስነግራቸው «ኢንጂነር ማለትዎ ነው?» ይሉኛል። አይደለም። ጡብ፣ ኖራ፣ አሸዋ፣ ውኃ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ቶሮንቶ እንደመጣን ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጠፍኩ። አንድ ቀን ላይብረሪ ግድግዳ ላይ ለሴቶች የግንባታ ሙያ ኮርስ የሚል ማስታወቂያ አየሁ። መኩሪያ አናጢ ነው፤ ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ጫማሽ ቁጥር ስንት ነው? የሴፍቲ ጫማ እንገዛለን» አለኝ።

የመጀመሪያ ምድቤ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር ነበር። የረጃጅሞቹን ፎቆች በረንዳ እየፈለፈልን የተሰነጠቀውን ኮንክሪት እናድሳለን። አለቃችን ሰውን በሜትር የሚለካ ሰው ነበር፤ ከእሱ የሰማሁት ምስጋና «ፈጣን ነሽ» የሚል ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ፈጣን ሆንኩ። ከዚያ ኤግሊንተን ዌስት አጠገብ የአንድ ትምህርት ቤት ጭስ ማውጫ ስንጠግን አንድ አጭር፣ ጥቁር ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሲያየኝ አረፈደ። ለምሳ ከመቀመጤ በፊት መሣሪያዬን አጠብኩ። ሽማግሌው ተሻግሮ መጣ።

«ሁልጊዜ ከምግብ በፊት ታጥቢያለሽ?»

«ይደርቅብኛል።»

«ባልሽ ምን ይሠራል?»

«አናጢ ነው።»

«እሱንም አምጪው» አለና ስልክ ቁጥሩን ጻፈልኝ።

ጆአኪም ይባላል። ፖርቱጋላዊ ነው፣ ከአገሩ ደሴቶች ከአንዱ የመጣ። አምስት ሠራተኞች ይዞ አሮጌ ቤቶችን ብቻ ይጠግናል። እንግሊዝኛው ከእኛ የባሰ ስለነበር በደንብ ተግባባን። መኩሪያ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ «ጋሽ ጆ» አለው፤ ትርጉሙን ስንነግረው ወደደው፤ በስልክም ራሱን «ጋሽ ጆ ነኝ» እያለ ያስተዋውቅ ጀመር።

ልማዶቹን ልጻፍ፣ ምክንያቱም የማውቀው ሁሉ ከእነሱ የመጣ ነው። አዲስ ቤት ስንደርስ መሣሪያ አናወርድም። ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቤቱን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ እኛም እጃችንን ከትተን እንከተለዋለን። «እጅ ችኩል ነው፣ እሰሩት» ይላል። ከዚያ በመዶሻው እጀታ ጡቡን መታ መታ እያደረገ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ጤነኛ ጡብ እንደ ሸክላ ይጮኻል፣ የታመመው እንደ ካርቶን። ኖራውን አስቀድሞ አቡክቶ ያሳድረዋል። ግድግዳውን ማታ በብሩሽ ውኃ ያጠጣዋል፤ የተጠማ ጡብ ኖራውን መጥጦ ይገድለዋልና። ሥራሽ ጥሩ ነው ብሎ አያውቅም። ጨርሼ ዞር ስል ያየውና «ከዊንተር በኋላ ንገሪኝ» ይላል፤ የበረዶውን ወራት ከቻለ ማለቱ ነው። ያ ብቻ ነው።

የቄሱን ቤት የያዝነው ከእሱ ጋር በሠራሁ በስድስተኛው ዓመት ነው። ሁለት በጋ ፈጀብን። ቤቱ በሐምበር ወንዝ በኩል ካለች አሮጌ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይገኛል። በእንግሊዝ ገጠር ለደብሩ ቄስ የሚሠራው ዓይነት ቤት ነው፤ ፕላኑም ከዚያ በመርከብ መጣ ይባላል። ቄስ ከኖረበት ብዙ ዘመን አልፏል። ያን ጊዜ የቄሱን የሥራ ክፍል ለጸሎት የተከራየው የኛው የአማርኛ ጉባኤ ነበር። እሑድና ረቡዕ የምጸልይበትን ቤት ሰኞ በመዶሻ አንኳኳለሁ ማለት ነው።

እጃችንን ኪስ ከትተን ስንዞረው ያየሁትን መናገር ይከብደኛል። አፌን ከፍቼ ነበር የምዞረው። ጡቡ አንዱ በረዥም ጎኑ፣ ቀጣዩ በአጭር ጎኑ፣ እንደገና አንዱ በረዥም ጎኑ፣ ቀጣዩ በአጭር ጎኑ ተደርድሯል፤ ከመሠረት እስከ ጣሪያ አንድም ቦታ አልተሳሳተም። ከመስኮቶቹ በላይ ያለው ቅስት ጡቡ በድንጋይ እየተፋቀ ስለተገጠመ በመካከሉ ያለው ኖራ ከደብተር ወረቀት አይወፍርም። አንዱ ጡብ ላይ፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ ያነሣው ሰው አራት ጣቶች ታትመዋል። ጣቶቼን ከተትኳቸው። ልክክ አሉ።

የስምንት ክፍል ምድጃዎች ጭስ በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ተጣጥፎ ተጣጥፎ በአንድ ጭስ ማውጫ ይወጣል፤ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ። ጆአኪም መብራት በገመድ አስሮ ወደ ታች ሲያወርድ መታጠፊያዎቹን አየሁ። ማንም የማያየው ቦታ ነው፤ ልስኑ ግን እንደ ሳሎን ነው።

መኩሪያ በበኩሉ መስኮቶቹን ይዞ አብዶ ነበር። ከግራና ቀኝ በሣጥን ውስጥ የተደበቀ ክብደት በገመድ ተንጠልጥሎ መስኮቱን ያመጣጥነዋል፤ ከእኔ የሚከብደው መስታወት በአንድ ጣት ሽቅብ ይሄዳል። አንድ ቀን «ወይኒ! ነይ! ቶሎ ነይ!» ብሎ ሲጮህ ጣቱን ቆረጠው ብዬ ሮጥኩ። በሰባት ንብርብር ቀለም ተደፍኖ የግድግዳው አካል መስሎ የኖረ የእንጨት መዝጊያ ከግድግዳው ውፍረት ውስጥ አስወጥቶ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። «እዚህ ውስጥ ተኝቶ ነበር እኮ!» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ይህን ቢያነብ ኖሮ «አቧራ ነው» ይል ነበር።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የበሮቹ ነገር ነው። ሦስት ናቸው። በፊት በር እንግዶች ይገባሉ። በኋላ በር ሠራተኞች ገብተው ከግድግዳ ጀርባ በተሠራች ጠባብ ደረጃ ሳይታዩ ይወጣሉ። ሦስተኛው በምዕራብ ጎን ነው፤ ዝቅተኛና ጠባብ፣ ቀጥታ ወደ ቄሱ የሥራ ክፍል የሚያስገባ። ከበሩ ውስጥ በግድግዳው ጉድጓድ አንድ ሰው የሚይዝ አግዳሚ አለ፤ ጣውላው መካከሉ ተበልቶ ጎድጉዷል።

«ይሄ ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ያለቀሰ ሰው የሚገባበት ነው» አለ ጆአኪም። «ባሏ የሞተባት፣ ልጁ የታሰረበት። በፊት በር ቢመጣ የቄሱ ሚስት እንግዶቿን ሻይ እያጠጣች ታየዋለች። በዚህ ሲመጣ ግን ማንም አያየውም፤ ፊቱን እስኪጠርግ እዚህ ይቀመጣል።»

ያን ጊዜ ቆንጆ ሐሳብ ነው አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አሁን ስለ ጣሪያው። ከመንገድ ሲያዩት አንድ ቤት ነው፤ ላይ ሲወጡ ግን ሁለት ጣሪያ ጎን ለጎን እንደ ሁለት ድንኳን ተተክሎ በመካከሉ ሸለቆ አለ። ሸለቆው በእርሳስ ቆርቆሮ የተለበጠ አሸንዳ ነው። ውኃው ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ይወርድና በቱቦ ወደ መሬት ይሄዳል። ከቱቦው አፍ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ በግድግዳው ላይ ቡጢ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ያቺ ናት።

ቀዳዳዋ የምትንጠባጠበው ልክ ከጎኑ በር ደጃፍ ላይ ነበር፤ ጉባኤያችን የሚገባውም በዚያ በር ነው። በሁለቱ በጋዎች መካከል ባለው ዊንተር ከጉባኤያችን እናቶች አንዷን፣ እማማ ዘነቡን፣ ደጃፉ ላይ በረዶ አንሸራትቷቸው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። በሁለተኛው ዓመት መከር ሥራው አለቀ፤ ዓርብ ዕለት ጆአኪም ጣሪያውን አይቶ ፈረመ፤ የምንሠራበት መወጣጫ፣ ስካፎልዱ፣ ሰኞ ሊነሣ ነው። እሑድ ከጸሎት በኋላ የጉባኤያችን ሽማግሌ ጋሽ ተክሌ ጠሩኝ።

«ወይንሸት፣ ልጄ፣ ያቺን ቀዳዳ አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ ጋሽዬ።»

«እናቶቻችንን ልትጨርስ ነው። ያንቺ እጅ እዚሁ እያለ ሌላ ሰው እንለምን? ጌታ በዚህ ቤት ያስቀመጠሽ ለምን ይመስልሻል?»

እሺ አልኩ። የአባቴ ዕድሜ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ያውም ስለ እማማ ዘነቡ ነው የሚለምኑኝ። ሰኞ ማለዳ እኔና መኩሪያ ወጣን።

«ለጋሽ ጆ ደውዪለት» አለኝ መኩሪያ መሰላሉን ይዞ።

«ለአንዲት ቀዳዳ?»

«ሦስት ጊዜ ዞረናል፤ እሱ አይቷታል፤ ዝጊያት አላለሽም።»

«ረስቷት ነው።»

አልደወልኩም። ሁለት ግማሽ ጡብ አስገብቼ፣ ቀድሜ ውኃ አጠጥቼ፣ ያደረ ኖራ ሞልቼ ዘጋኋት። ከጎኗ ካለው ግድግዳ የማይለይ ሥራ ነበር። ጋሽ ተክሌ ከታች ሆነው «ተባረኪ!» አሉኝ።

በየካቲት ብዙ በረዶ ወረደ፤ ቀጥሎ ሞቅ ያለ ቀን መጣ፤ ረቡዕ ነበር። ቱቦው ውስጡ በረዶ ሆኖ ተደፍኗል። ሸለቆው ውስጥ የቀለጠው ውኃ መውጫ አጥቶ ከእርሳሱ ጠርዝ በላይ ሞላና ወደ ቤቱ ገባ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የቄሱ የሥራ ክፍል ኮርኒስ፣ ከነኖራው አበባና ዙሪያውን ከከበበው የኖራ አክሊል ጋር፣ ተደርምሶ ወረደ። የረቡዕ ጸሎት የሚጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የወደቀው እማማ ዘነቡና ጓደኞቻቸው በሚቀመጡባቸው ወንበሮች ላይ ነበር። ወንበሮቹን አየኋቸው። አራቱ እግራቸው ተሰብሯል።

ማንም አልተጎዳም። የቤቱ ባለቤቶች ኮሚቴ ግን ጣሪያውን አይቶ የፈረመው ማን ነው አለ። የፈረመው ጆአኪም ነው። ከእንግዲህ አሮጌ ቤት አናስነካህም፣ ለሌሎችም እንነግራለን አሉት። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያከማቸው ያንኑ ስሙን ብቻ ነው። እሱም ግራ ገብቶት «ምን እንዳመለጠኝ አላወቅሁም፤ አርጅቻለሁ መሰለኝ» ብሎ ለመኩሪያ ነገረው።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ፊቱን ፈራሁ። መኩሪያ አልተቆጣኝም። ከሥራ ሲገባ ጫማውን እያወለቀ «ነገርሽው?» ይላል። «አልነገርኩትም» እላለሁ። ሌላ ወሬ እናወራለን። በሦስተኛው ቀን ሳይጠይቀኝ ጫማውን አወለቀ። አለመጠየቁን አልቻልኩትም፤ ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ።

ጆአኪም ጋራዡ ውስጥ መሣሪያ እየሳለ ነበር። ነገርኩት። ጋሽ ተክሌን ሳላነሣ፣ እኔ ዘጋኋት ብቻ አልኩ። መሮውን አስቀመጠ። ካፖርቱን አንሥቶ «መኩሪያን ጥሪው፣ መሰላል ይያዝ» አለ።

ሦስታችን ሄድን። በዚያ ዕድሜው ከፊቴ ወጣ። ሸለቆው ውስጥ ውኃና በረዶ እስከ ጉልበታችን ነበር። ግድግዳውን በእጁ ዳብሶ የዘጋሁትን ቦታ ፈለገው፤ ወዲያው አላገኘውም። ካገኘው በኋላ በመዶሻው እጀታ መታው፣ ጆሮውን አስጠጋ።

«ጥሩ ሠርተሻታል» አለ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከእሱ የሰማሁት ምስጋና ያ ነው። መሮውን ሰጠኝ። የራሴን ኖራ ራሴ ፈለፈልኩት፤ ጠንክሮ ስለነበር ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ እሱ ቆሞ አየኝ እንጂ አላገዘኝም። የመጨረሻው ግማሽ ጡብ ሲወጣ ውኃው እንደተፈታ ጥጃ ዘሎ ወጣ። ከታች መኩሪያ «ኧረ ራሴ ላይ!» ብሎ ጮኸ።

«ስሚ» አለኝ ጆአኪም። «ይህን ቤት የነደፈው ሰው የሚያውቀው ዝናብ ነው። በረዶ እንዲህ ተቆልሎ ከርሞ በአንድ ቀን ሲቀልጥ አላየም። ፕላኑ እዚህ መጣ፣ ቤቱ ተሠራ፣ የመጀመሪያው ዊንተር አለፈ። ከዚያ አንድ ግንበኛ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው፣ እዚህ ወጥቶ ይህችን በመሮ በሳ። ጠርዟን ተመልከቺ፣ ከሌላው ሥራ ትለያለች። ከዚህ ቤት ሁሉ ካናዳዊ እሷ ብቻ ናት።»

ጠርዟን ነካሁት። ሻካራ ነው። ያን ሁሉ የተፋቀ ጡብ፣ ያን ሁሉ ቅስት አቁሞ ያቆየው ይህ በችኮላ የተበሳ ነገር ነው። ሁለት በጋ ሙሉ ያደነቅሁት ቤት ያን ቅዳሜ እንደ አዲስ ታየኝ።

ኮሚቴው ፊት ራሴ ቀርቤ ተናገርኩ። ጋሽ ተክሌ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና በአማርኛ «እሷን አትንኩብኝ፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። እሷ እምቢ ማለት አታውቅም፣ እኔ ደግሞ መጠየቅ አላወቅሁም» አሉ። መኩሪያ ተረጎመ። ጆአኪም ጣልቃ ገባ፤ «ቀዳዳዋ ምን እንደምትሠራ ያልነገርኳት እኔ ነኝ። በቃ፣ ሦስት ጥፋተኛ አላችሁ። ኮርኒሱን ማን ይሥራላችሁ?» አላቸው።

እኛው ሠራነው። ኖራውን ከፍየል ጠጉር ጋር ያቦካሁት እኔ ነኝ። ከአክሊሉ ግማሹ ደህና ነበር፤ የጠፋውን ግማሽ አስመስለን አልሞላነውም። ጆአኪም «የወደቀው ወድቋል» ብሎ ልሙጥ አድርጎ ተወው። መኩሪያ ከበሩ በላይ ትንሽ የእንጨት ጥላ ሠራ፤ እኔም ከቀዳዳዋ የእርሳስ ምላስ አወጣሁላት። ውኃው አሁን ከደጃፉ ርቆ ይወድቃል። የመጀመሪያ ቀን እማማ ዘነቡ ከጥላው ሥር ቆመው ሽቅብ አዩና «አንቺ ልጅ፣ ይህን ያህል ከሆነ ፊቱኑ ለምን አልሠራሽውም?» አሉኝ። 

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት፣ ብዙ ቤት ሠራሁ። የባቡር ጣቢያ ግድግዳ፣ አሮጌ ወፍጮ ቤት፣ የማላስታውሳቸው ጭስ ማውጫዎች። ምን እንደሚሠራ ያላወቅሁትን ቀዳዳ ዳግመኛ አልዘጋሁም። ጆአኪም ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈ፤ መሮው እኔ ጋ ነው።

መኩሪያን ከቀበርን በኋላ ቤታችን በሰው ተሞላ። ሁሉም ደግ ነበር፤ ሁሉም ፊቴን ያያል። በሁለተኛው ሳምንት ዕቃ ልግዛ ብዬ ወጣሁና እግሬ ወደ ቄሱ ቤት ወሰደኝ። በጎኑ በር፣ በመኩሪያ ጥላ ሥር አልፌ ገባሁ። ከውስጥ ጋሽ ተክሌ ከጥቂት ሰዎች ጋር ይዘምራሉ፤ እኔን የሚያየኝ የለም። አግዳሚው ላይ፣ የተበላው መካከሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልኬ ነበር። ከእኔ በፊት እዚያ የተቀመጡትን ሁሉ አሰብኳቸው፤ ባህር ማዶ ሆኖ፣ እኔን ሳያውቅ፣ ይህችን በር በወረቀት ላይ የሣላትን ሰውም አሰብኩት። ፊቴን ጠርጌ ስነሣ ዝማሬው አላለቀም ነበር።

አሁን በረዶ ጥሎ ባደረ ቁጥር ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥቼ በመነጽሩ ቀዳዳዋን አያታለሁ። ካልፈሰሰች ለቤቱ ጠባቂ እደውላለሁ።